የአዋሹ የባቡር አደጋና በአንድ ሐዲድ ላይ የቆመው ኑሮ



ለዚህ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ስንጠየቅ ስለ ባቡር ለመጻፍ መረጥን። «ሐርጌሳ ተቀምጣችሁ ስለ ባቡር ምን አስጻፋችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሶማሌላንድ ውስጥ ሐዲድ የለም። በማሕሙድ ሃይቤ በሱቃችን ደጅ የሚያልፈው መኪና ነው፣ የባቡር ጩኸት የሚባል ነገር ልጆቻችን የሚያውቁት ከፊልም ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ስንቱ ነው በድሬዳዋ፣ በሽንሌ፣ በኤረር፣ በሚኤሶ፣ በአዋሽ ተወልዶ ያደገው? ስንቱስ ነው አባቱ ወይም አጎቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው? እነዚህ ቤቶች ውስጥ ባቡር ሲነሣ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው። ትልልቆቹ በዝግታ ያወሩታል፣ ልጆቹ ግን ነገሩን አያውቁትም። ይህን የምንጽፈው እንዲያውቁት ብለን ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። ባቡሩ እዚህ ባይደርስም ይህን አገር ነክቶታል። ከባቡሩ በፊት የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ንግዱ ወደዚያው ዞረ፣ ዘይላም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀዘቀዘች ሄደች። እኛ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አይከብደንም። መንገድ ሲከፈት አንዱ ከተማ ይነሣል፣ ሌላው ይወድቃል። የተከፈተው መንገድ ሲሰበር ደግሞ በላዩ ኑሮውን የመሠረተ ሁሉ አብሮ ይናጋል።

ሐዲዱ እንዴት ተዘረጋ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1894) ነው። ፈቃዱን የተቀበሉት የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆኑ፣ ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኑ የሥራው አጋር ነበሩ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃውን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ዳገቱ ለባቡር የሚቻል ስላልሆነ ሐረር ላይ መውጣቱ ቀረና ከሥር በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ይህቺው ድሬዳዋ ናት። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን መንግሥታት መካከል የነበረው ሽኩቻም ተጨመረበትና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በኋላ በአዲስ ኩባንያ፣ ሕዝቡ የኢትዮ-ፍራንስ ምድር ባቡር እያለ በሚጠራው ድርጅት ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በጅቡቲ ምድር ላይ ያለው ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል።

ስለዚህ ሐዲድ ሁለት ነገሮችን አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። አንደኛው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። በተራራና በገደል መካከል መንገድ ሲሠራ ጠባብ ሐዲድ በኩርባ ላይ በቀላሉ ስለሚታጠፍ ወጪ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ መንገዱ ነጠላ መሆኑ ነው። የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚጠቀሙት በዚያው በአንዱ ሐዲድ ነው። የሚተላለፉት በየጣቢያው ባለው ቅያስ ላይ አንዱ ቆሞ ሌላውን በማሳለፍ ነው። ስለሆነም በአንድ ቦታ ላይ ችግር ከደረሰ ከፊትም ከኋላም ያለው ሁሉ ይቆማል። ዞሮ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለውም።

ባቡሩ ያሳደራቸው ቤተሰቦች

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ስሙ የወጣው በዚያ ዘመን ነው። በኋላ ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን ባቡር ሲመጣ ጉዞው አጠረ፤ ግን የጣቢያው ኑሮ እንደ ነበረ ቀጠለ።

ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ባቡር ሲቆም ጣቢያው ገበያ ይሆናል። የግመል ወተት የያዙ የኢሳ ሴቶች፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ ልጆች፣ ውኃ የሚያቀርቡ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ብርቱካንና ማንጎ በሳፋ የደረደሩ፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ባቡሩ ሲሄድ ገበያው ይበተናል፣ እስከሚቀጥለው ባቡር ድረስም ከተማው ይተኛል። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡር የሚጠገንበት ትልቁ ጋራዥ ያለባት ከተማ ስለነበረች የሸመንደፈር ደመወዝ በወጣ ቁጥር ቀፊራም ከዚራም ይደምቁ ነበር። ባለሱቁ በዱቤ ሰጥቶ የሚጠብቀው ያንን ቀን ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሰው ብቻ አልነበረም የሚያመላልሰው፣ የብዙ ቤት እንጀራም በእርሱ ላይ ነበር።

መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ሕዝቡ ከአደጋው በፊትም አይቶታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977 እና 1978) በነበረው ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአሰብ በኩል ዞረ፣ በሐዲዱ ዳር የነበሩት ትናንሽ ከተሞች ግን የሚዞሩበት አልነበራቸውም። ጦርነቱ አልፎ ባቡሩ በ1970 ዓ.ም. እንደገና ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ወደ ልማዱ ተመለሰ።

ጥር 1977 ዓ.ም.

አደጋው የደረሰው በጥር 1977 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 አጋማሽ) ነው። ገና ካለፈ ሳምንት ገደማ፣ ጥምቀት ሊደርስ ደግሞ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ለበዓል ወደ ዘመድ የሄደው የሚመለስበት፣ ለጥምቀት የሚሄደው የሚነሣበት ሰሞን ነበር። አገሪቱ በዚያ ዓመት በከባድ ረሃብ ላይ ነበረች፤ የዓለም ሕዝብ ዓይንም ያረፈው በወሎና በትግራይ ላይ ነበር።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ፈጣን ባቡር ወደ 1,000 የሚጠጉ መንገደኞችን ጭኖ ነበር። በአዋሽ ከተማ አጠገብ ድልድዩ ያለበት ኩርባ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከሐዲዱ ወጣ፤ ከአምስቱ ፉርጎዎች አራቱ ወደ ገደል ወደቁ። 428 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎች ቆሰሉ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2002) ግብፅ ውስጥ ከካይሮ ወደ ሉክሶር ይሄድ በነበረ ባቡር ላይ እሳት ተነሥቶ ከ360 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ዓለም ሁሉ ደንግጧል። የአዋሹ ሟቾች ቁጥር ከዚያም ይበልጣል።

ፍጥነት በኩርባ ላይ ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርሰው እንዴት ነው ብለው ልጆች ይጠይቃሉ። ባልዲ ውኃ ይዞ በክብ ያሽከረከረ ልጅ ያውቀዋል፤ ባልዲው ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ባቡርም በኩርባ ላይ ሲዞር ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ለዚህም ነው በኩርባ ላይ የውጭው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ተደርጎ የሚሠራውና ለእያንዳንዱ ኩርባ የፍጥነት ልክ የሚወሰነው። ደግሞ ባቡር እንደ መኪና ፍሬን እንደ ተያዘ አይቆምም። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ ክብደቱም ብዙ ስለሆነ፣ ለመቆም በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ይፈልጋል። እንግዲህ ነጂው ኩርባውን ካየ በኋላ መቀነስ አይጠቅመውም፤ ገና ከሩቁ መቀነስ አለበት። በጠባብ ሐዲድ ላይ በሰው የተሞላ ባቡር ሲሆን ነገሩ የባሰ ነው።

ከቁጥሩ በኋላ

428 የሚለው ቁጥር በመጻሕፍት ላይ ይገኛል። ቁጥሩ የማይነግረን ግን ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሆነውን ነው። የአዋሽ ባቡር የጫነው የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ አልነበረም። በዚህ መንገድ ላይ ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ አማራውም አፋሩም፣ ሐረሪውም ጉራጌውም፣ ትግሬውም አብሮ ነው የሚሳፈረው። ሐዘኑም እንደዚያው በሁሉም ደጅ ገባ። በአንድ መንደር ውስጥ በአንዱ ደጅ ድንኳን ተጥሎ ለቀስተኛ ሲቀመጥ በሌላው ደጅ ቁርኣን ይቀራ ነበር።

በአገራችን ሰው በሩቅ ሲሞት መርዶ የሚባል ሥርዓት አለ። ወሬውን የሰማ ሰው እንዳገኘው አይናገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ የቅርብ ዘመዶች ይጠራሉ፣ ማለዳ ላይ ተሰብስበው ይነግራሉ። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሲሞት ግን ይህ ሥርዓት ይሰበራል። ሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። እናት ልጇ በዚያ ባቡር ላይ መሳፈሩንና አለመሳፈሩን ሳታረጋግጥ ትጮኻለች። ሙስሊሙ ሟቹን ቶሎ ለመቅበር ይቸኩላል፤ ክርስቲያኑ ሬሳውን ወደ ትውልድ ቦታው ለመውሰድ ይፈልጋል። ለሁለቱም ግን ከሁሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ሟቹ ማን ነው የሚለው ነው።

እኛ በንግድ የምንኖር ሰዎች ሌላም ነገር እናስባለን። መንገድ ላይ የሞተ ነጋዴ ዕቃውን በዱቤ አንሥቶ ከሆነ ዕዳው ከእርሱ ጋር አይቀበርም። ያበደረው ሰው ራሱ ከሌላ የተበደረ ነው፤ እየተያያዘ ይሄዳል። ባል የሞተባት ሴት ሐዘኗን ሳትጨርስ ባለዕዳ ደጇን ያንኳኳል። ወይም በተቃራኒው ለባሏ የሚከፈለው ገንዘብ ነበረው፣ ግን ማን ዘንድ እንዳለ አታውቅም። ጽሑፍ ያልተወለት ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል ቢባል ውሸት አይሆንም። የቆሰለውም እንዲሁ ነው። እግሩን ያጣ ሸክም ሠራተኛ በሕይወት ተረፈ ቢባልም የእንጀራ ገመዱ ተበጥሷል።

ቀሪው ሕዝብስ? ነጠላ ሐዲድ ነው ብለናል። አንድ ባቡር በድልድይ ላይ ሲወድቅ የታመመ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚሄደው፣ ለትምህርት የሚመለሰው፣ ፍራፍሬ ጭኖ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ይቆማል። አቅም ያለው በመኪና ይሄዳል፣ አቅም የሌለው ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መተማመን ይጎዳል። ባቡር የድሃ ሰው መጓጓዣ ነበር፤ ርካሽና አስተማማኝ ተብሎ ይታመን ነበር። ከአዋሽ በኋላ ብዙ ሰው ያንን ድልድይ ሲያልፍ አማተበ፣ ዱዓ አደረገ፤ ተሳፋሪው በአንድ ጊዜ ዝም የሚልበት ቦታ ሆነ።

የአሮጌው ባቡር መዳከምና የሽንሌው አደጋ

ከዚያ ወዲህ አሮጌው ባቡር ከዓመት ዓመት ደከመ። ከ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ጀምሮ የኢትዮጵያ ዕቃ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ቢያዞርም አብዛኛውን ያነሣው ባቡሩ ሳይሆን የጭነት መኪና ነበር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው አገልግሎት ቆመ። ለገሃር ዝም አለች። በሐዲዱ ዳር የነበሩት ጣቢያዎችም ሰው አጡ፤ ወጣቱ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ አንዳንዱም ወደዚሁ ወደ ሐርጌሳ ተሰደደ። እንግዲህ የማኅበራችን ታሪክ ከባቡሩ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሐዲዱ ከአሮጌው ይሰፋል፣ ባቡሩም ይፈጥናል። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ እንደ ድሮው ሴቶች ወተት ይዘው ወደ መስኮት አይሮጡም። አሮጌው ሐዲድ ደግሞ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ባለው ክፍል ተጠግኖ ነጋዴውን ማመላለስ ቀጥሎ ነበር።

በዚሁ አሮጌ ሐዲድ ላይ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025) ሌላ ሐዘን መጣ። ከድንበሯ ከተማ ከደወሌ ነጋዴዎችንና ዕቃቸውን ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ የነበረ ባቡር በሽንሌ አጠገብ ሌሊት ላይ ቆሞ ከነበረ ሌላ ባቡር ጋር ተጋጨ። ቢያንስ 14 ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎች ብዙዎች ቆሰሉ። ቁጥሩ ከአዋሹ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን የሞቱት እንደኛው ከድንበር ዕቃ አምጥተው ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ዜናው እዚህ ሲሰማ በየሱቁ ስልክ የሚደውለው ሰው ብዙ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ሰው የሚጠብቀው ሬዲዮ ነበር፤ አሁን በየእጁ ስልክ አለ። ጭንቀቱ ግን ያው ነው፤ «የእኛ ሰው ነበረበት ወይ?» የሚል ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል

እኛ በባቡር አንሄድም። የእኛ ሐዲድ ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ የሚመጣው የመኪና መንገድ ነው። ጤፉም በርበሬውም ቡናውም፣ ሰውም፣ ሬሳም በዚያ ይመላለሳል። እርሱም ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም በቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ የጤፍ ዋጋ ይወጣል፣ ለሠርግ የተጠራ ይቀራል፣ ለቀብር የተጠራ አይደርስም። የአዋሽን ታሪክ የምናነሣው ለማልቀስ ብቻ ሳይሆን ለዚህ መንገዳችን የሚሆን ነገር ስላለው ነው።

መጀመሪያ፣ ስለ ፍጥነት ነው። ቆሞ ሰው የሚሞላ መኪና ሲዘገይ ሹፌሩ ጊዜውን በመንገድ ላይ ለማካካስ ይሮጣል። ተሳፋሪውም ቶሎ ለመድረስ ስለሚፈልግ ዝም ይላል። ከመካከላችን በዕድሜ ጠና ያሉት ቢናገሩ ይሰማሉ፤ «ልጄ፣ ቀስ በል» ማለት ነውር የለበትም። የዘገየ ይደርሳል።

ሁለተኛው፣ ስለ ስም ነው። ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብም ይኸው ነው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት። እያንዳንዱ አባል ስሙን ከነአባቱ፣ የትውልድ ቦታውን፣ የሃይማኖት ሥርዓቱን፣ አገር ቤት ላለው የቅርብ ዘመዱ ስልክ ቁጥርና መርዶ ቢመጣ በማን በኩል እንዲነገር እንደሚፈልግ ያስመዝግብ። ነጋዴው ደግሞ ያለበትንና ያለውን ዱቤ በታሸገ ፖስታ ቢያስቀምጥ ለሚስቱና ለልጆቹ ትልቅ ውለታ ነው። ይህ ሞትን መጥራት አይደለም። እድር ያቋቋሙት አባቶቻችንም ሞትን አልጠሩም፤ ሲመጣ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው ያሰቡት። በሰው አገር የምንኖር እኛ ደግሞ ይህ ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

ሦስተኛው፣ ከመካከላችን በአዋሽ ወይም በሽንሌ ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ካለ ስሙን ለማኅበሩ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። በሚቀጥለው ጥር ስንሰባሰብ ስሞቹ ይነበቡ፣ ልጆቻችንም ይስሙ። ቁጥር ከመጽሐፍ ይገኛል፣ ስም ግን ቤተሰብ ካልያዘው ይጠፋል።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፣ አላህ ይርሐማቸው። ለመንገደኞቻችን ሁሉ የሰላም መንገድ፣ ተቀብሎ ላኖረን ለሐርጌሳ ሕዝብም ሰላምና በረከት እንመኛለን። ለማኅበራችን መልካም ኢዮቤልዩ!